በድንጋዩ ላይ ያለው ስም፦ ስለ ጦር ሜዳና ስለ ወታደር መቃብር ጉብኝታችን

ከቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ በጧት የሚወጣ ሠራተኛ፣ አውቶቡስ እየጠበቀ ዓይኑን ቀና ቢያደርግ አንድ ጉብታ ያያል። ቴል ዔራኒ ይባላል። ስሙን ያገኘው በዚያ ይከበሩ ከነበሩት ከሼክ አሕመድ አል ዓሬይኒ ነው። እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ ለዓመታት በአጠገቡ አልፌያለሁ። ለአንዱ ፋብሪካ መሠረት ሲቆፈር የወጣ የአፈር ክምር ይመስለኝ ነበር። የጦር ሜዳ መሆኑን የሰማሁት ከትምህርት ቤት ጉብኝት ከተመለሰ ልጅ ነው፤ አባት ከልጁ አገሩን ይማራል ማለት ይኸው ነው።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በኦክቶበር 1948 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የእስራኤል ጦር ወደ ኔጌቭ የሚወስደውን መንገድ ሲከፍት፣ 4,000 ያህል ወታደሮች ያሉት የግብፅ ብርጌድ በፋሉጃና በዒራቅ አል መንሺያ መንደሮች ውስጥ ተከቦ ቀረ። አዛዡ ሰይድ ጣሃ ነበር። በዒራቅ አል መንሺያ ከነበሩት መኮንኖች አንዱ ደግሞ በኋላ የግብፅ መሪ የሆነው ጋማል አብደል ናስር ነው። በዲሴምበር 27 ለ28 አጥቢያ ሌሊት የአሌክሳንድሮኒ ብርጌድ መንደሩን ሊይዝ ገባ፤ ሳይሆንለት ቀርቶ ተመለሰ። በዚያች አንድ ሌሊት ከ80 በላይ የእስራኤል ወታደሮች አለቁ። የተከበቡት ግብፆች እስከ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1949፣ የሮድስ የተኩስ አቁም ስምምነት እስኪፈረም ድረስ እጃቸውን አልሰጡም፤ ከዚያም መሣሪያቸውን እንደያዙ ወደ አገራቸው ተመለሱ። የመንደሩ ሰዎች በስምምነቱ መሠረት በቤታቸው መኖር ይችሉ ነበር። ሆኖም በማስፈራራትና በማዋከብ ብዛት በዚያው ዓመት ጸደይ ለቀው ሄዱ። ይህንንም መጻፍ ያስፈልጋል፤ ስለ ስም የምንነጋገር ከሆነ የመንደር ስምም ስም ነውና። በ1950ዎቹ አጋማሽ ከሞሮኮ የመጡ ቤተሰቦች ከተማችንን ጀመሩ። ኋላም ስኳሩ፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ በ1999 ደግሞ የኢንቴል ፋብሪካ መጣ።

ከማኅበራችን ቤተሰቦች ጋር ሆነን ይህን ጉብታ በአስጎብኚ ጎብኝተነዋል። አስጎብኚው አዋቂ ሰው ነበር። የትኛው ሻምበል በየት በኩል እንደወጣ፣ መትረየሱ ከየት ይተኩስ እንደነበር፣ የቀረው ኃይል ለምን ሳይደርስ እንደቀረ በካርታ እያሳየ በደንብ አስረዳን። ልጆቹም በጥሞና ሰሙት። ነገር ግን ያን ሁሉ ጊዜ ሲናገር አንድም የሞተ ሰው በስሙ አልጠራም። ከእኛ መካከል አንድ አዛውንት ነበሩ፤ በልጃቸው እያስተረጎሙ፣ “ልጄ፣ የሞቱት እነማን ናቸው?” ብለው ጠየቁት። አስጎብኚው የብርጌዱንና የሻለቃውን ስም ነገራቸው። እሳቸውም፣ “እሱንማ ነግረኸናል፤ የሰዎቹን ነው የምልህ” አሉት። አስጎብኚው ፈገግ ብሎ ሰዓቱን አየ። ሌላ ቦታ ይጠብቀን ነበር።

ይህን ትችት ያጻፈኝ የአዛውንቱ ጥያቄ ነው። የጦር ሜዳ ጉብኝት እንደ ማንኛውም የጥበብ ሥራ የራሱ አቀራረብ አለው፤ ሊደነቅም ሊነቀፍም ይችላል። በዚህ አገር የለመድነው አቀራረብ ካርታና ቀስት ነው። ካርታ ጦርነቱን ያሳያል፤ ሟቹን አያሳይም። በ1948ቱ ጦርነት ከሞቱት ብዙዎቹ ከአውሮፓው እልቂት ተርፈው ከመርከብ የወረዱ አዲስ ገቢዎች እንደነበሩ ይታወቃል። ከጓደኞቻቸው ጋር የሚግባቡበት ቋንቋ እንኳ ያልነበራቸው፣ የሚያለቅስላቸው ዘመድ ያልቀረላቸው ነበሩባቸው። ከቤተሰባቸው የመጨረሻ ሆነው ለወደቁት በሐር ሄርጽል ላይ የተለየ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። እንግዲህ ባዕድ ስም ይዞ መጥቶ፣ ስሙን በቅጡ የሚጠራለት ሳያገኝ መሞት በእኛ የተጀመረ አይደለም።

ከጉብታው ወደ ወታደሮች መቃብር እንምጣ። የእስራኤል ወታደር መቃብር አሠራር አንድ ዓይነት ነው፤ እንደ አልጋ ዝቅ ያለ፣ በላዩ ተክል የበቀለበት፣ በራስጌው እንደ ትራስ ያለ ድንጋይ የተቀመጠበት። በትራሱ ላይ ስሙ፣ ማዕረጉ፣ የአባቱና የእናቱ ስም፣ የተወለደበት አገር፣ የወደቀበት ቀን፣ ዕድሜው ይጻፋል። የጄኔራሉም የተራው ወታደርም ድንጋይ እኩል ነው። ይህን ሥራ ማመስገን ይገባል። ከልገሳ የሰጠነው ደማችን በስውር ሲጣል እንደኖረ በ1996 ለሰማን ሰዎች፣ የልጃችን ድንጋይ ከማንም ድንጋይ አንዲት ስንዝር አለማነሱ ቀላል ነገር አይደለም። የእናት ስም መጻፉንም ከራሳችን ልማድ አስበልጬ ወድጄዋለሁ። እኛ ልጅን በአባቱ ብቻ እንጠራለን፤ ዘጠኝ ወር የተሸከመችው ስትቀበር ስሟም አብሮ ይቀበራል።

ችግሩ ያለው ከፊደሉ ላይ ነው።

አንድ የመታሰቢያ ቀን በመቃብሩ ቆሜ፣ አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ከአንድ ድንጋይ ፊት ቆመው አየሁ። ማንበብ አይችሉም። “ምን ይላል?” አሉት። ልጁ የዕብራይስጡን ፊደል አየና፣ “ፓንታ” ብሎ አነበበ። አያቲቱ ደነገጡ፤ የሌላ ሰው መቃብር ላይ የቆሙ መሰላቸው። ልጁ አልተሳሳተም። በዕብራይስጥ የ“ፈ”ና የ“ፐ” ፊደል አንድ ነው፤ በቃል መጀመሪያ ላይ ሲመጣ ደግሞ ሕጉ “ፐ” ተብሎ እንዲነበብ ያዝዛል። ስለዚህ ፈንታ ፓንታ ይሆናል። ቀለሙ ከለሙ ይሆናል፤ የ“ቀ” ፊደል ቢኖርም የዛሬው አንደበት ከ“ከ” አይለየውምና። ጥሩነህ በ“ተ” ይነበባል። ጫኔ ቻኔ ይሆናል፤ ጸሐፊው ከፊደሉ ጎን የምትቀመጠዋን ጭረት ከረሳ ደግሞ ከነጭራሹ “ጸ” ብሎ ይጀምራል። አናባቢ ስለማይጻፍም የቀረውን አንባቢው እንደመሰለው ይሞላዋል።

“አንድ ድምፅ ቢጎድል ምን አለበት?” የሚል አይጠፋም። የአማርኛ ስም ግን ብዙ ጊዜ ጥሪ ብቻ አይደለም፤ ወላጅ ለሰሚው የሚልከው ቃል ነው። ፈንታ ማለት “በሌላው ቦታ የመጣ” ነው፤ ከሞተ ልጅ በኋላ የሚወለድ ልጅ ይጠራበታል። ምትኩም፣ ካሣም፣ ማስረሻም እንደዚሁ ናቸው። እንግዲህ አስቡት፤ የበኩር ልጇን በሱዳን በረሃ የቀበረች እናት ቀጥሎ የተወለደውን ማስረሻ ብትለውና፣ እሱም በሃያ ዓመቱ ወታደር ሆኖ ቢሞት፣ በድንጋዩ ላይ ያለው ስም የሁለት ልጆች መርዶ ነው። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ያንን ቃል አንብቦ ዝም ብሎ አያልፍም። በዕብራይስጥ ፊደል ሲጻፍ ግን እንግዳ ድምፅ ብቻ ይሆናል፤ ጎብኚው ያየዋል፣ ይቸገርበታል፣ ያልፈዋል። “ኢትዮጵያ” የምትለዋም ቃል እንደዚያው ናት፤ ወገራ ይሁን ስሜን፣ ደምቢያ ይሁን ሰቀልት አትነግረንም።

ሌላም አለ። ብዙ ልጆቻችን በመርካዝ ክሊታና በትምህርት ቤት የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸዋል። ድንጋዩ ላይ የሚታየው አንዳንድ ጊዜ ያ ስም ነው። በዚህ ላይ ፍርዴ እንደ ሌላው የጠነከረ አይደለም። ወታደሩ ራሱን በዚያ ስም ሲጠራ ኖሮ ሊሆን ይችላል፤ ጓደኞቹም የሚያውቁት፣ የሚያለቅሱለትም በዚያ ስም ነው። እኛ ከሞተ በኋላ “የለም፣ ስሙ ይህ አይደለም” ብንል እሱን መበደል ይሆናል። እናቱ የምትጠራበት ስም ከጎኑ ቢጻፍ ግን ማን ይከፋዋል?

እዚህ ላይ ለራሳችንም ትንሽ ማዘን አለብን። በአገር ቤት ሳለን የሞተ ሰው የሚታሰበው በድምፅ ነበር። አልቃሽ አለች፤ ሙሾ ታወርዳለች፤ እገሌ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ የልጅ ልጅ፣ በዚህ ቦታ የዋለ እያለች ታነሣዋለች። ፉከራውና ቀረርቶው አለ፤ ተዝካሩ አለ። ይህን እያሰብን የእስራኤልን የሁለት ደቂቃ ሳይረን ስንሰማ፣ በተለይ ለሽማግሌዎቻችን፣ ዝምታው ይከብዳል። ሐዘንን ዝም ብሎ መቆም ያስተማረን የለም። ሆኖም ድምፁ የማንን ስም አቆየ? የራሱን፣ የደጃዝማቹን፣ የፊታውራሪውን ነው። የእግረኛው ስም አልቃሿ በሞተች ቀን አብሮ ሞተ። ከዓድዋ የቀሩት ስሞች በአመዛኙ የመኳንንት ናቸው። በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ በፌብሩዋሪ 1937 ለተጨፈጨፈው ሕዝብ ሐውልት ቆሟል፤ ዩጎዝላቮቹ አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች የቀረጹት የሟቾች ምስል ልብ ይነካል፤ ግን ፊት አለ እንጂ ስም የለም። ስለዚህ “የእኛ አስተሳሰብ ከድንጋይ ይበልጣል” ብዬ አልመጻደቅም። ድንጋይ ለተራው ሰው ቦታ ሰጠው፤ ድምፅ ደግሞ ስሙን በትክክል ይጠራዋል። የምንፈልገው ሁለቱን በአንድነት ነው።

ሌሎች ሲያስታውሱን በምን ያስታውሱናል? ይህም ሳስበው የሚገርመኝ ነው። በ1951 የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ገባ። በዚያ ጦርነት ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ሞቱ፤ አንድም አልተማረከም፤ አጽማቸውም ወደ አገር ስለተመለሰ በቡሳን ባለው የተባበሩት መንግሥታት መቃብር የኢትዮጵያ ወታደር መቃብር የለም። በቹንቾን ከተማ በ1968 ሐውልት ቆመላቸው፤ በ2007 ደግሞ ሙዚየም ተሠራላቸው። የሙዚየሙ ቅርጽ የኢትዮጵያ ጎጆ ነው። በዚያው በ2007 በኢየሩሳሌም፣ በሐር ሄርጽል፣ በሱዳን በኩል ሲጓዙ ለወደቁት ቤተ እስራኤል መታሰቢያ ተመረቀ። እሱም ጎጆ ነው! በዓለም ሁለት ዳርቻ ያሉ ነዳፊዎች ሳይተዋወቁ፣ በአንድ ዓመት፣ እኛን ለማሰብ ያንኑ የሣር ቤት አነሡ።

በሐር ሄርጽሉ ሥራ ላይ ክፉ መናገር አልሻም። ከዚያ በፊት መታሰቢያችን በራማት ራሔል ነበር፤ ወደ አገሪቱ ዋና የመታሰቢያ ተራራ መምጣቱ በብዙ ሰዎች ልፋት የተገኘ ክብር ነው። በመንገድና በኡም ራኩባ፣ በገዳሪፍ መጠለያዎች ከሞቱት ከ4,000 ያህል ሰዎች ለብዙዎቹ ምልክት ያለው መቃብር የለም። ሄዶ አፈሩን መንካት የማይችል ቤተሰብ በኢያር 28 ከቂርያት ጋት አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደዚያ ይወጣል። እናቶች ግድግዳውን ሲነኩና ሲስሙ አይቻለሁ። ጎጆው እንባቸውን አምጥቶታል፤ ያ ራሱ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ጎጆ የሚናገረው ምን ዓይነት ቤት እንደነበረን ነው። ማን እንደነበርን የሚናገረው ስማችን ነው። ነዳፊ እኛን ባሰበ ቁጥር ከጣሪያው ቢጀምር አይፈረድበትም፤ ጣሪያው ከሩቅ ይታያላ! ከጣሪያው ወርዶ ወደ ስሙ እንዲገባ መጠየቅ ግን የእኛ ፈንታ ነው፤ እስካሁን በደንብ የጠየቅን አይመስለኝም።

መጠየቅ እንደሚቻል ደግሞ የዚህ አገር ፍርድ ቤት አሳይቷል። በ1992 አንድ ባል በሚስቱ መቃብር ላይ ስሟ በላቲን ፊደልም እንዲቀረጽ ጠይቆ፣ የቀብር ማኅበሩ “ከዕብራይስጥ በቀር አይጻፍም” ቢለው ተከራከረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለባልየው ፈረደ፤ የሟችና የቤተሰብ ክብር ይበልጣል አለ። ያ የሲቪል መቃብር ነበር። በወታደር መቃብር ላይ ደግሞ የአንድ ሟች ወታደር ወላጆች ከተለመደው ጽሑፍ ሌላ የራሳቸውን ቃል ለመጨመር ጠይቀው፣ ጉዳዩ በሰፊ ችሎት ታይቶ በ1995 ተፈቀደላቸው። ከዚያ ወዲህ ቤተሰብ በተወሰነ ልክ የግል መስመር ሊጨምር ይችላል። የመጀመሪያው ክርክር ስለ ላቲን ፊደል ነበር፤ የፍርዱ ምክንያት ግን ለየትኛውም ፊደል ይሠራል።

“አንድ ዓይነትነቱ ይፈርሳል” የሚለው መልስ ክብደት አለው፤ እኔም ያንን እኩልነት ከላይ አወድሻለሁ። ግን የብሪታንያ ኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮችን ተመልከቱ፤ ራምላ ያለው ከከተማችን ሩቅ አይደለም። ከ1917 ጀምሮ በእኩልነት መርሕ የተሠሩ ናቸው፤ ድንጋዮቹ ቁመታቸው አንድ ነው። ሆኖም በአንዱ መስቀል፣ በሌላው የዳዊት ኮከብ ተቀርጿል። የሙስሊሙ የህንድ ወታደር ድንጋይ በዓረብኛ ፊደል፣ የሂንዱው በዴቫናጋሪ፣ የሲኩ በጉርሙኪ ቃል ይጻፍበታል። ፊደሉ ስለተለያየ ሰልፉ አልፈረሰም። የፈረሰው ሌላ ቦታ ነው። ድርጅቱ ራሱ በ2021 ባወጣው ዘገባ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከሞቱት ቢያንስ 116,000፣ ምናልባትም እስከ 350,000 የሚደርሱ፣ አብዛኞቹ የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች፣ በስማቸው ወይም ጨርሶ ሳይታሰቡ መቅረታቸውን አምኗል። እኩል ድንጋይ የደረሰው ስሙን የጻፉለት ብቻ ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን የሟች ቤተሰቦችን እያነጋገረ፣ ለሚፈልግ ሁሉ፣ በግል መስመሩ ላይ ስሙ በፊደላችን እንዲጻፍ ማመልከቻ በማዘጋጀት ቢረዳ ጥሩ ይመስለኛል። ለሚፈልግ ብያለሁ፤ የማይፈልግ ቤተሰብ ይኖራል፣ መብቱ ነው። ፊደሉን የሚቀርጸው ሰው “ጸ”ንና “ፀ”ን፣ “ሀ”ንና “ሐ”ን እንዳያምታታ አንድ ቄስ ወይም መምህር አስቀድሞ ይየው። በድንጋይ ላይ የተሳሳተ ፊደል በላጲስ አይጠፋም።

ፍርድ ቤትም ማመልከቻም የማያስፈልገው ነገር ደግሞ አለ። በመከላከያ ሚኒስቴር የ“ይዝኮር” መዝገብ ለእያንዳንዱ የወደቀ ወታደር ገጽ አለው፤ የ1948ቶቹም አሉበት። ወደ ቴል ዔራኒ በምንወጣበት በሚቀጥለው ጉብኝት፣ በዚያች የዲሴምበር ሌሊት የሞቱትን ስም ከመዝገቡ አውጥተን ይዘን እንሄዳለን። ልጆቹ እየተቀባበሉ ያነቡታል፤ የፖላንዱንም የሩማንያውንም ስም፣ የሚያውቅ ሰው ጠይቀው፣ አጠራሩን ቀድመው ይለማመዱታል። ከኢንዱስትሪው ቀጠና የሚመጣው የማሽንና የከባድ መኪና ድምፅ ስለሚረብሽ ጮክ ብለው ማንበብ አለባቸው። ያን ጥያቄ የጠየቁትን አዛውንት ከፊት አስቀምጠናቸው፣ ስንት እንደሆኑ በጣታቸው ይቁጠሩ።